ኑግ የጠጣችው ሰይቼንቶ

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ሞተሩ አልዞረም። ጋሽ ከማል ትልቁን መፍቻ አስገብተው ሁለት ጊዜ ተንጠለጠሉበት። በሦስተኛው እኔም አገዝኳቸው። የጸጉር ታህል እንኳ አልተነቃነቀም።

ሳይምታታብኝ በደንብ ልጻፈው። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ አጥራችን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከአጥሩ ጋር የአባዬ የቆርቆሮ መጋዘን ይፈርሳል። የነገ ሳምንት፣ ቅዳሜ። መጋዘኑ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ከቦታዋ ያልተነሳች ሰማያዊ ሰይቼንቶ መኪና አለች። ክብ፣ ትንሽ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ በላይዋ ላይ የቡና ጆንያ ተደራርቦ። ወንድሜ ዳኒ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ለቁራሌው ስጧትና ተገላገሉ» አለ። አባዬ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ጆሮው ላይ ዘጋበት። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። የኔን ስልክ መዝጋት መቻሉን ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ስለዚህ ጋሽ ከማልን ከሄርማታ ገበያ አመጣኋቸው። ጺማቸው በሂና የቀላ፣ በወጣትነታቸው ሙያውን በሰይቼንቶ ላይ የተማሩ መካኒክ ናቸው። አራቱን ካንዴላ ነቃቅለው፣ በእጅ ባትሪ አጮልቀው፣ «ዝገት ነው። የጅማ ዝናብ ማንን ምሮ ያውቃል?» አሉ። ይከፈት ካልን ይከፍቱታል፣ ግን ተከፍቶ ምን እንደሚወጣ ወላሂ አያውቁም።

አባዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የዘወትሩን አለ። «እኔ ነኝ የገደልኳት። ጎሬ ስሄድ የራዲያተሯን ውሃ ሳላወጣ ሄድኩ።» ይህችን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻታለሁ። በበዓል ይላታል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይላታል፣ ሰይቼንቶ የምትመስል መኪና በቴሌቪዥን ሲያይ ይላታል። እማዬ ወጡ ሊያርርብኝ ነው ብላ ገባች። እሳት ላይ የተጣደ ወጥ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አለ። ጋሽ ከማል ካንዴላዎቹን ጨርቅ ላይ ሲደረድሩ አንዱን አንስቼ አሸተትኩት። ልማድ ነው፤ ቡና ቀማሽ ነኝ፣ የማላሸተው ነገር የለም። ዝገት የእርጥብ ሳንቲም ሽታ አለው። ይሄ ግን እሱ አይደለም። የሞተር ዘይትም አይደለም። የከረመ የኑግ ዘይት ነው።

ካንዴላውን ወደ ጨርቁ መለስኩት። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራ አፍንጫዬ ሲሳሳት ግን አላስታውስም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

አልተሳሳትኩም።

ጠዋት እማዬ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ አልኩና «መኪናዋ ውስጥ ኑግ ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኳት። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ እንደ ሌባ ስትርበተበት ሳያት ደነገጥኩ።

የነገረችኝ ይህ ነው። አባዬ መሬት ቀያሽ ነበር። ለሁለት ዓመት ጎሬ ሲመድቡት ቤንዚን በኩፖን ነበርና መኪናዋን ትቷት ሄደ። ከመሄዱ በፊት ካንዴላዎቹን ነቅሎ አሳያት። በየወሩ በአራቱም ቀዳዳ አንዳንድ ስኒ ዘይት ጨምሪ፣ ከዚያ ቺንጊያውን ይዘሽ ሞተሩን በእጅሽ ትንሽ አዙሪው፣ እንዳይዝግ። አንድ ጠርሙስ የሞተር ዘይትም ትቶላት ሄደ። ጠርሙሱ በስድስተኛው ወር አለቀ። ሌላ ዘይት በሰልፍም በዘመድም አልተገኘም። የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ያዥ ለምናለች፣ ሹፌር ለምናለች። መጨረሻ ላይ ኑግ ጨመረች። ጥሩውን፣ አጥልላ።

«ከየት አምጥተሽ?» አልኳት። ኑጉም እኮ ያኔ እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

«ከእናንተ ወጥ ላይ ነዋ።»

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዚያን ጊዜ የጾም ሽሮ ትዝ ይለኛል፤ ጉሮሮ የሚያንቅ ደረቅ ነገር ነበር። ዳኒ አልበላም ብሎ ተገርፏል። ለካ ዘይታችንን መኪና ስትበላው ነው የከረመችው። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። እማዬ ግን አልሳቀችም።

ምክንያቱም ቀጣዩ ነው የከበዳት። ከአንድ ዓመት በኋላ ሞተሩ በእጅ አልዞር እያለ መጣ። አንድ ቀን ጭራሽ እምቢ አለ። ካንዴላዎቹን መልሳ አጥብቃ፣ ጆንያ አልብሳ፣ «መኪናዋ ደህና ናት» ብላ ጻፈችለት። አባዬ መጥቶ ሲሞክራት አልዞረችም። ራሱን ይዞ «ውሃዋን ሳላወጣ ሄጄ ነው» አለ። እማዬ አጠገቡ ቆማ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከፋሲካ በኋላ። እንዲህ ሲል አርባ ዓመት ሞላው። መካኒክ ይምጣ በተባለ ቁጥር ሰበብ ስትፈጥር የኖረችውም ለዚህ ነው። «ሰው ከፍቶ እንዳያየው ብዬ» አለች።

በሚካኤል አስማለችኝ፣ እንዳልነግረው። ማልኩ። አሁን እኔም በሁለቱ መሃል ተጣብቄያለሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ለጋሽ ከማል መንገር ግን ግድ ነበር። ዝገት መስሏቸው መዶሻ ቢያነሱስ? በር ላይ ጠብቄ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑም። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አላህ ያሳይሽ፣ ስንት ሞተር ከፍቻለሁ፣ ጾመኛ ሞተር ገጥሞኝ አያውቅም።»

ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ፊታቸው ፈካ። ኑግ ከሆነ ተስፋ አለው አሉ። ኑግ ሲከርም ይደርቃል፤ የኑግ ጠርሙስ አንገት ላይ የምትቀረዋን ሙጫ የማያውቅ የለም። ሙጫ ይሟሟል። ዝገት የበላው ብረት ነው የማይመለስ። እኛ መሥሪያ ቤት የቡና መቁያው ላይ የሚጋገረውን ቅባት በምን እንደምናስለቅቅ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። የሞተሩን ክዳን ፈተው አነሱት። ፒስተኖቹ ላይ የተጋገረው ነገር ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጥፍር ቢጭሩት የማይነሳ።

መድኃኒቱ የካምቢዮ ዘይትና አሴቶን ነው። አሴቶን ያለው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ውስጥ ነው። ሄርማታ ወርጄ ከአራት ሱቅ የነበረውን ሁሉ ሰበሰብኩ። የመጨረሻው ሱቅ ልጅ ጠርሙሶቹን፣ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ ጥቁር ጥፍሬን አየችና «ሰርግ አለ እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ሲሊንደሮቹን እስከ ጫፍ ሞላናቸው። አባዬ «ምንድነው የምታፈሱት?» ሲል ጋሽ ከማል «የዝገት መድኃኒት ነው ጋሼ» አሉ። እማዬ በመስኮት ታይ ነበር።

ከመኪናዋ ውስጥ የወጣ፦ የአይጥ ጎጆ፣ ሦስት የቀያሽ ካስማ፣ የዳኒ አንድ እግር ጫማ፣ ክዳኑ የጠፋ ቀለም፣ ተጨማሪ የአይጥ ጎጆ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ከሥራ ተባረርኩ። ለሁለት ቀን ብቻ፣ ግን ተባረርኩ።

ስድስት ስኒ ቀምሼ በስድስቱም ላይ «የኬሚካል ሽታ» ብዬ ጻፍኩ። የማና ወረዳ ቡና፣ የጎማ ወረዳ ቡና፣ ሁሉም። የሥራ ባልደረባዬ ሙና ከጎኔ ስኒዋን አስቀምጣ አንገቴን አሸተተች። «ሰኒ፣ ቡናው ደህና ነው። አንቺ ነሽ የተበላሸሽው» አለች። ቅምሻ ክፍል ሽቶና ሽንኩርት እንኳ ክልክል ነው፣ እኔ የካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እየሸተትኩ ገባሁ። ታጥበሽ ሐሙስ ነይ ተባልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ያልደረሰብኝ ነገር ነው። አፈርኩ፣ ግን ደግሞ ሁለት ቀን አገኘሁ።

ማታ ጋሽ ከማል ሞከሩት። እምቢ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

አጋሮ ደርሼ መጣሁ። ክዳኑ ሲነሳ በእሱና በሞተሩ መሃል ያለው ቀጭን መዝጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቀዷል፣ ያለሱ ደግሞ ሞተሩ አይገጠምም። ጅማ ውስጥ የለም። ጋሽ ከማል አንድ ሽማግሌ አጋሮ አሉ አሉኝ፣ አባ መጫ የሚባሉ፣ ድሮ ሰይቼንቶ የነበራቸው።

ሰይቼንቷቸው አሁንም አለች፣ የዶሮ ቤት ሆናለች። በሾፌሩ ወንበር ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ታቅፋ አፍጥጣ አየችኝ። አባ መጫ ጓርኒሲዮኑን ከነወረቀቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ ከካላንደሩ ጎን። ገዝተው ሲመለሱ የእሳቸው ሞተር ጭራሽ ከጥቅም ውጭ ሆኖ ስለነበር አልገጠሙትም። ልከፍልዎ ስል እጃቸውን አወናጨፉ። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ «ማሎ ልጄ፣ እባክሽ ገንዘብሽን ያዢ። ብትነሳ አምጪያት፣ ድምጿን ልስማ» አሉኝ። በኦሮምኛ ቶሌ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ። አውቶብሱ ውስጥ ጓርኒሲዮኑን እንደ ታቦት ታቅፌው ነው የመጣሁት።

ቤት ስገባ እማዬ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «አልነገርሽውም አይደል?» አለች። አጋሮ እኮ ነው የሄድኩት እማዬ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ዞረ። ዞረ። ዞረ።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ። መጀመሪያ መፍቻው ተንሸራተተ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሁለተኛው ፒስተን ዝቅ ሲል አየሁት፤ ሦስተኛውም አብሮት። ጋሽ ከማል «አልሐምዱሊላህ» ብለው መፍቻውን ሳሙት። አባዬ ተኝቶ ነበር፣ ቀሰቀስኩት፣ በአንድ እግሩ ጫማ መጣ።

ዋናው ግን በኋላ ነው። ጋሽ ከማል የሲሊንደሮቹን ግድግዳ በጨርቅ ጠርገው ብርሃን አበሩበት። መስታወት። አንዲት ነጥብ ዝገት የለም። አባዬ እስኪርቅ ጠብቀው ጠሩኝ። «እዚህ ከተማ አራት ሰይቼንቶ ከፍቻለሁ። አራቱንም ዝገት ጨርሷቸዋል። ይህቺን እንደ ቀለም ተቀብቶ ያዳናት ኑጉ ነው። ኑጉ ባይኖር ድሮ ለቁራሌ ነበር የምትሄደው። ለእናትሽ ለእትዬ አስካለ ይህን ንገሪያቸው።»

ሮጬ ነገርኳት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፣ ቀና አላለችም። «እኔን ለማጽናናት ነው። አትሸንግሉኝ» አለች።

«ጋሽ ከማል ሽንገላ አያውቁም እማዬ፤ ዳኒን ፊቱ ላይ ደደብ ያሉት ሰው ናቸው።»

«ሞተሩን አዳንኩት እሺ። ሰውየውንስ?»

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሙና በር ላይ አሽትታ አሳለፈችኝ።

ጋሽ ከማል ብቻቸውን ሲሠሩ ዋሉ። ክዳኑ ተገጠመ። ካርቡሬተር ታጠበ። ባትሪ ከባጃጅ ጋራዥ ተዋሱ። ጎማዎቹን አታንሱብኝ፣ ለአጭር መንገድ ይሆናሉ። ፍሬኑ ከሦስት ርግጫ በኋላ ይይዛል፤ ጋሽ ከማል ነገ በአንድ ርግጫ ይይዛል ብለዋል፣ እስቲ እናያለን። አዲሱ ቦታዋ አቮካዶው ሥር ይሆናል።

አባዬ ቀኑን ሙሉ በጨርቅ ሲወለውላት ዋለ። እየወለወለ ያወራታል። «ምን ላርግ ታዲያ፣ ቸኩዬ ነበር። ውሃ ማውጣት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።» ሰው እንዳለ ረስቶ ነው እንጂ እንዲህ አያወራም። እማዬ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ሰማችው። ልብሱን ሳታሰጣ ይዛው ተመለሰች። ማታ እህል አልቀመሰችም።

ልነግረው ነው ብዬ ነበር። በሚካኤል ምያለሁ። ግን እማዬ ስትከሳ ማየትም አልቻልኩም። ተናድጃለሁ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ተነሳች።

ከሥራ እንደመጣሁ ነው የሞከርናት። ጋሽ ከማል ከኋላ፣ እኔ መሪ ላይ። በወንበሮቹ መሃል ያለችውን የማስነሻ እጀታ ሳብኩ። አንድ ጊዜ አጉረመረመች፣ ዝም። ሁለተኛ፣ ዝም። በአምስተኛው ሳለች፣ ጮኸች፣ ተነሳች። ከኋላዋ የወጣው ጭስ ግቢውን ሞላው። ሽታው ደግሞ ሌላ አይደለም፣ የተቆላ ኑግ። በጾም። የጎረቤት ሴትዮ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ኑግ እየቆላችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

አባዬ ሽታው አልገባውም። አለቀሰ። በሕይወቴ ሲያለቅስ ያየሁት ለሁለተኛ ጊዜ ነው። መዳፉን ሰማያዊው ብረት ላይ አድርጎ «ይቅር በይኝ። ውሃሽን ሳላወጣ ሄጄ…» ብሎ ጀመረ።

«ውሃው አይደለም» አለች እማዬ።

ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሳሎኑ ደረጃ ላይ ቆማ ነበር። ጋሽ ከማል ሞተሩን አጠፉት። እማዬ ቁልቁል ሳትወርድ፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ ሁሉንም ተናገረች። ጠርሙሱን፣ ኑጉን፣ የጾሙን ሽሮ፣ ደብዳቤውን። «እርስዎ በራስዎ ሲፈርዱ እኔ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ከመኪናዋ ይልቅ ይሄ ነው የበደልኩዎ» አለች። ጋሽ ከማል ኑጉ ሞተሯን እንዳዳናት ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ እኔ ክንዳቸውን ያዝኩ። ጊዜው አልነበረም።

አባዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «በየወሩ ነው?»

«በየወሩ።»

ከዚያ ጨርቁን አጥፎ ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ፣ ቀስ ብሎ ወደ መኝታ ቤት ገባ። በሩ ተዘጋ። ጋሽ ከማል ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። እራት ሲቀርብ አልወጣም። እማዬ ሳሎን ቁጭ ብላለች። እንድትተኛ ብለምናትም ቆይ ትለኛለች። ባትናገር ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ያንን በማሰቤ አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አባዬ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ ወጣ። እኔና እማዬ ተያየን። ወደ መኪናዋ ሄዶ የፊተኛውን በር ከፈተ። «ግቢ» አላት።

«እርስዎስ?»

«እኔ ከኋላ።»

ሰይቼንቶ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። የሰማንያ ሦስት ዓመት ሰው ከኋላ ለማስገባት ሩብ ሰዓት ፈጀብን፤ መጀመሪያ ባርኔጣው፣ ከዚያ አንድ ጉልበት፣ ከዚያ ጋሽ ከማል ደርሰው ከበስተጀርባ ገፉት። አባዬ ተሳደበ፣ እማዬ ሳቋን አፈነች። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። የሚያፈርሱት ሰዎች መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ እኔ መሪውን ይዤ በበሩ እየወጣን ነበር።

ጋሽ ከማል ከበሩ ሲሸኙን እስከ ከተማው መውጫ ብቻ ብለው ነበር። እኔ ግን ለአባ መጫ ቶሌ ብያለሁ፣ ስለዚህ የአጋሮን መንገድ ያዝኩ። ባጃጆች መንገድ ለቀቁልን። አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን፤ ፎቶ አንስቶን አሳለፈን። ፍሬኑ በሁለት ርግጫ ይይዛል።

ይቡ ከተማ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ውሃዋ ፈላ። ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣበት አንድ ግቢ አጠገብ ጥላ ፈልጌ አቆምኳት። ጋሽ ከማል በስልክ፣ እንድትበርድ ጠብቂ፣ አትንኪያት አሉ። ቁጭ አልን። አባዬ ወደ ጎሬ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ ይህን ማሰቤን እሱ እንዴት እንዳወቀ እንጃ፣ ከኋላ ድምፁ መጣ።

«ደብዳቤዎቼ ሁሉ ስለ መኪናዋ ነበር የሚጠይቁት አይደል?»

እማዬ ወደ ፊት እያየች ትንሽ አሰበች። «ከሰላምታው ቀጥሎ» አለች።

«ሌሊቱን ሙሉ አንዷን እንኳ ላስታውስ ብል አቃተኝ። ስለናንተ የጠየቅሁባትን።»

እማዬ ነጠላዋን ሰበሰበች። እኔም መሪው ላይ እንደተጎለትኩ ነበር፤ ብወርድ ይሻል ነበር፣ ግን መውረድም አልቻልኩም።

«በይ አሁን ንገሪኝ» አላት። «በእነዚያ ሁለት ዓመታት ማን ታሞብሽ ነበር?»

ዳኒ ኩፍኝ ወጥቶበት ነበር አለች። እኔ ወባ ታምሜ፣ በጀርባዋ አዝላ ሆስፒታል እንደወሰደችኝ ነገረችው። ራሴን ስቼ ነበርና እኔም ይህን አላውቅም ነበር። ጣራው ሲያፈስ ማን ጠገነልሽ አላት፤ ማንም፣ ባልዲ ነበር የምደቅንበት አለች። በዓሉንስ እንዴት ዋላችሁ? ዶሮ ከየት መጣ? ስትፈሪስ ማን ጋ ትሄጂ ነበር? በቀያሽነቱ ዘመን ካርታ ሲያነሳ እንደነበረው፣ አንድም ነገር ሳይዘል፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በተራ ጠየቃት። እሷም በተራ መለሰችለት። አራተኛው ወር ላይ ሲደርሱ መሐረቡን ከኋላ አሳልፎ ሰጣት።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። የማስነሻ እጀታዋን ግን አልነካሁም፤ ገና ብዙ ወር ይቀራቸው ነበር።